ኢያን መካይ እና ስትሬት ኤጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ስትሬት ኤጅ ባጭሩ ምንድነው?

ከሃርድኮር ፐንክ (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው) ውስጥ የወጣ የወጣቶች አኗኗር ነው፣ መጠጥ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ድራግ የለም። መሰረቱ ይሄ ብቻ ነው። ቬጋንነቱ (ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጭራሽ አለመብላት)፣ ንቅሳቱ፣ "ዕድሜ ልኬን አልነካም" የሚለው መሃላ ምናምን በኋላ በሌሎች ሰዎች የተጨመረ ነው፣ አንዳንዱማ ነገሩን ከጀመረው ሰውዬ ሀሳብ ጋር ጭራሽ አይገናኝም፣ ወደዛ እንመጣለን።

ኢያን መካይ ማነው?

በ1962 ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ እዛው ያደገ ልጅ ነው፣ አባቱ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ነበር። የተማረው ያኔ ዊልሰን በሚባለው የመንግስት ሃይስኩል ነው። ልጅ እያለ ሙሉ ቀን ስኬትቦርድ ላይ ነበር የሚውለው፣ አብሮት የሚነዳው የሰፈር ጓደኛው ደግሞ በኋላ የብላክ ፍላግ ዘፋኝ የሆነው ሄንሪ ሮሊንስ ነው። በፌብሩዋሪ 1979 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘ ክራምፕስ የሚባል ባንድ ሲጫወት አየና አለቀ፣ ከዛ በኋላ ከፐንክ ሌላ ነገር አልታየውም፣ 16 ዓመቱ ነበር። በዛው ዓመት ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቲን አይድልስ በሚባል ባንድ ቤዝ ጊታር መጫወት ጀመረ፣ በ1980 መጨረሻ ባንዱ ሲፈርስ እሱና ድራመሩ ጄፍ ኔልሰን ሁለት ልጆች ጨምረው ማይነር ትሬትን መሰረቱ። ማይክ የያዘው እዚህ ላይ ነው።

ፐንክ ማለት ሰክሮ መድረክ ላይ መውደቅ መስሎኝ፣ የማይጠጣ ሰው እንዴት ከዛ ውስጥ ይወጣል?

ጥያቄው ልክ ነው፣ ነገሩ የሚገርመውም በዚህ ነው። መካይ ያን ኮንሰርት ባየበት በዛው ወር ሴክስ ፒስቶልስ የሚባለው የእንግሊዝ ፐንክ ባንድ አባል ሲድ ቪሸስ ኒውዮርክ ውስጥ በሄሮይን ሞተ፣ በዲሴምበር 1980 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ የጀርምስ ዘፋኝ ዳርቢ ክራሽ እንደዚሁ በሄሮይን ሄደ፣ 22 ዓመቱ ነበር። ጋዜጣና ቴሌቪዥኑም "ፐንክ እንግዲህ ይሄ ነው" ብሎ ነበር የሚያወራው።

የዲሲዎቹ ልጆች ግን ሙዚቃውን ወደዱት እንጂ ሞቱን አልወደዱትም። መካይ ራሱ ብዙ ጊዜ ተናግሮታል፣ ሃይስኩል እያለ የማይጠጣ የማያጨስ ስለነበረ ይቀለድበት ነበር፣ ዙሪያው ያሉት ልጆች በሙሉ አርብ ማታ ሰክረው ሰኞ ስለሱ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ፐንክ ውስጥ ሲገባ "እዚህ ሁሉም ሰው ከመንጋው የወጣ ነው" ብሎ ነው የገባው፣ ገብቶ ሲያይ እዛም መንጋ አለ፣ እዛም ካልጠጣህ ይሳቅብሃል። ስለዚህ ያመጸው በወላጆቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በአመጸኞቹም ላይ ነው ማለት ይቻላል። ለኔ የነገሩ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ቢራ ፋብሪካ የሚሸጥልህን ነገር ጠጥተህ "ሲስተሙን ተቃወምኩ" ማለት ትንሽ ያስቃል ኮ።

እጅ ላይ የሚደረገው ኤክስ ከየት መጣ?

በኦገስት 1980 ቲን አይድልስ በአውቶቡስ አሜሪካን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ሄዱ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ የሚባል ክለብ ነበር፣ መጀመሪያ የፊሊፒኖ ሬስቶራንት የነበረ ቤት ነው፣ ልጆቹ ለመጠጥ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ የክለቡ ሰዎች እጃቸው ጀርባ ላይ በማርከር ትልቅ ኤክስ አደረጉባቸው፣ ኤክስ ያለበት እጅ ከባሩ ምንም አይቀዳለትም። ዲሲ ሲመለሱ ናይን ተርቲ ክለብ ሄደው "ይሄን እኛም ጋ አድርጉና አስገቡን፣ ብንጠጣ ታባርሩናላችሁ" አሉ። ሰራ።

ልብ በሉ፣ ኤክሱ መጀመሪያ የአቋም ምልክት አልነበረም፣ "ለዚህ ልጅ አትሽጡ" የሚል የበር ላይ ምልክት ነበር። ልጆቹ ግን የሚያሳፍረውን ምልክት ወስደው ማጌጫ አደረጉት። ቲን አይድልስ ሲፈርሱ የነበራቸውን 600 ዶላር ገደማ ከመከፋፈል ሸክላ አሳተሙበት፣ ሽፋኑ ላይ ኤክስ የተሰመረባቸው ሁለት የተመሳቀሉ እጆች አሉ። ትንሽ ቆይቶ ዕድሜያቸው ደርሶ መጠጣት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ሁሉ በፈቃዳቸው ኤክስ እያደረጉ መምጣት ጀመሩ፣ እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ የተገለበጠው።

ዘፈኑስ ምን ይላል?

ስትሬት ኤጅ የሚለው ዘፈን በ1981 የወጣ ነው፣ 46 ሰከንድ ነው ጠቅላላው። አዎ ደቂቃ አይሞላም። መካይ 19 ዓመቱ ነበር። ሀሳቡ ሲጨመቅ "እኔም እንዳንተ ሰው ነኝ ግን ደንዝዤ ከመቀመጥ ሌላ ብዙ የምሰራው ነገር አለኝ" ነው፣ እየጮኸ። በዚሁ ዓመት አውት ኦፍ ስቴፕ የሚል ሌላ ዘፈን መጣ፣ እሱ ውስጥ ሶስት "አላደርግም" አሉ፣ ሲጋራ፣ መጠጥና እንደ ስፖርት የሚቆጠር ወሲብ። በኋላ እንደ ሶስቱ ትዕዛዛት የተያዘው ይሄ ነው።

ታዲያ እንቅስቃሴ ልመስርት ብሎ ነው የጻፈው?

አይደለም። እንዲህ ለማለት ድፍረቱ ያለኝ ራሱ መካይ ላለፉት አርባ ዓመታት በየኢንተርቪው ስለተናገረው ነው፣ ስለራሴ ጻፍኩ፣ ለማንም ህግ አላወጣሁም ነው የሚለው።

ባንዱ ውስጥ ራሱ ጭቅጭቅ ነበር ኮ። ድራመሩ ጄፍ ኔልሰን የአውት ኦፍ ስቴፕ ግጥም ሰውን የሚያዝ ይመስላል ብሎ ስለተከራከረ የግጥሙ ወረቀት ላይ "እኔ" የምትለው ቃል በቅንፍ እንድትገባ ተደረገ፣ ማለትም "እኔ አላጨስም" ለማለት እንጂ "አታጭስ" ለማለት አይደለም። በ1983 ዘፈኑን እንደገና ሲቀዱት ደግሞ መካይ መሃል ላይ ቆም ብሎ ይሄ የህግ ዝርዝር አይደለም፣ ምን አድርጉ እያልኳችሁ አይደለም ብሎ በንግግር አስገባበት። ዘፈን መሃል ማብራሪያ መስጠት ምን ያህል እንደጨነቀው ያሳያል። ግን ማን ሰማው፣ ማብራሪያውን ትተው መፈክሩን ይዘው ሄዱ።

ራስታዎች አሉበት ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

በተዘዋዋሪ አዎ፣ ለኛም ደስ የሚል ታሪክ ነው። የዲሲ ሃርድኮር አባቶች ባድ ብሬንስ ናቸው፣ አራት ጥቁር ልጆች፣ ሲጀምሩ ጃዝ ፊውዥን ነበር የሚጫወቱት፣ ከዛ ፐንክን ሲይዙት ከነሱ በፊት ማንም ባልተጫወተው ፍጥነት ተጫወቱት። መካይና ጓደኞቹ እነሱን አይተው ነው "እንደዚህም ይቻላል እንዴ" ያሉት። ባድ ብሬንስ ፒኤምኤ የሚሉት ነገር ነበራቸው፣ ከናፖሊዮን ሂል የስኬት መጽሐፍ የወሰዱት፣ ሁሌ በጎ አስተሳሰብ ይዘህ ተነስ የሚል ነገር ነው። "ምንም ተስፋ የለም" የሚለው የእንግሊዝ ፐንክ ሲያስተጋባ በነበረበት ሰዓት ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የዲሲ ልጆች ስትሬት ኤጅን የዘሩት በዚህ አፈር ላይ ነው።

ከዛ ባድ ብሬንስ ራስታፈሪያን ሆኑ፣ ድሬድ አሳደጉ፣ ስለ ጃህ መዝፈን ጀመሩ፣ በሁለት ፈጣን የፐንክ ዘፈኖች መሃል ረጋ ያለ ሬጌ ያስገባሉ። የ1982ቱ ካሴታቸው ሽፋን ቢጫ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነው፣ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ህንጻ ሲመታ ያሳያል። ማለትም የጃንሆይን ስም የሚጠሩ፣ ባንዲራችንን ቀለም ያደረጉ ሰዎች ናቸው ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያሉት። ጋንጃ ደግሞ ለራስታ እምነቱ ነው፣ ስለዚህ የማያጨሱት ልጆች ዋና ጀግኖች ያጨሱ ነበር። "እኔ" በቅንፍ መግባቷ ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገርም ይጠቅማል።

ሃይማኖት ነው? የጴንጤ ነገር ነው?

ሃይማኖት የለውም። መጠጥ የማይጠጣ ሰው ሁሉ የሆነ ቸርች አባል የሚመስለን እኛ ነን። ክርስቲያን የሆነ ስትሬት ኤጅ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ምንም የማያምንም ብዙ አለ። ከሃይማኖት ጋር በጣም የተገናኘው በክሪሽና (ከህንድ የመጣ የሂንዱ እምነት ነው) በኩል ነው፣ የዩዝ ኦፍ ቱዴይ ዘፋኝ ሬይ ካፖ የክሪሽና ተከታይ ሆኖ ሼልተር የሚል ባንድ አቋቁሞ ነበር፣ ብዙ ልጆችም ተከትለውት ገብተዋል።

ከዲሲ ወጥቶ እንዴት ተስፋፋ?

በሸክላ፣ በካሴትና በፖስታ። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን አንድ ልጅ ኔቫዳ ሆኖ ዲሲ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሸክላ ይላክለታል፣ ለጓደኞቹ በካሴት ይገለብጣል፣ በቃ። ኔቫዳ ላይ ሰቨን ሰከንድስ የሚባል ባንድ ነበር፣ ለስለስ ያሉ ልጆች። ቦስተን ግን ሌላ ነው፣ እነ ኤስኤስዲ የሚባሉት ባንዶች ነገሩን ወደ ሰራዊትነት ወሰዱት፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው በቡድን ነበር የሚሄዱት፣ ኮንሰርት ላይ ከሰው እጅ ቢራ ይመቱ ነበር ይባላል።

ማይነር ትሬት በ1983 ፈረሰ፣ ሶስት ዓመት እንኳ በደንብ አልቆየም። ነገሩ እዛ ላይ ያበቃል ሲባል ከ1985 ጀምሮ ኮነቲከትና ኒውዮርክ ላይ ዩዝ ኦፍ ቱዴይ፣ ጎሪላ ቢስኪትስ፣ ቦልድ የሚባሉ ባንዶች እንደገና አነሱት፣ ዩዝ ክሩ ይባላል ያ ዘመን። የስፖርት ጃኬት፣ አጭር ጸጉር፣ እጅ ላይ ትልልቅ ኤክስ። ዛሬ ሰው ስትሬት ኤጅ ሲል ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣው ምስል የነዚህ ነው እንጂ የመካይ አይደለም።

ቬጋንነቱስ?

እሱም ከዩዝ ኦፍ ቱዴይ ነው በሰፊው የጀመረው፣ በ1988 ስጋ አለመብላትን የሚሰብክ ዘፈን አወጡ። ከዛ በ90ዎቹ ከሲራኪዩዝ ኒውዮርክ ኧርዝ ክራይሲስ የሚባሉ ባንድ መጡና ቬጋን ካልሆንክ ሙሉ አይደለህም እስከማለት ደረሱ፣ ሙዚቃውም ወደ ሜታል ከበደ። ስዊድን ውስጥ ኡሜኦ የምትባል የሰሜን ከተማ አለች፣ ሪፊውዝድ የሚባለው ባንድ የወጣባት፣ እዛም በ90ዎቹ ቬጋንነት ወጣቱ መሃል ገብቶ ነበር። ለኛ ይሄ ብዙም አዲስ አይመስልም፣ ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ህዝብ ሽሮና ምስር በልቶ ማደር ያውቅበታል፣ ለአንድ የሲራኪዩዝ ልጅ ግን በ1993 አይብ መተው ትልቅ ውሳኔ ነው።

ጠበኞች ናቸው ይባላል፣ ጋንግ ነበሩ እንዴ?

የተወሰኑ ቦታዎች ላይ፣ አዎ ከባድ ነገር ተፈጥሯል። በ90ዎቹ መጨረሻ ሶልት ሌክ ሲቲ ዩታ ውስጥ በስትሬት ኤጅ ስም የሚደባደቡ ቡድኖች ስለነበሩ ፖሊስ እንደ ጋንግ ነበር የሚመለከታቸው። ሞርሞኖች የበዙበት፣ ድሮውንም ብዙ ሰው የማይጠጣበት ከተማ ላይ አለመጠጣት ወደ ዱላ መቀየሩ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ሃርድላይን የሚባል ደግሞ ቅርንጫፍ ነበር፣ ጽንስ ማስወረድንና ግብረ ሰዶምን ጭምር የሚያወግዝ፣ ብዙሃኑ ስትሬት ኤጅ ራሱ የሸሸው።

እንደኔ እንደኔ ችግሩ የተዘራው መጀመሪያው ላይ ነው፣ ግን መካይ አልዘራውም። አንድ ወጣት በ46 ሰከንድ እየጮኸ ስለራሱ ሲናገር ሰሚው እንደ ትዕዛዝ ሊሰማው ይችላል፣ በተለይ ሰሚው 15 ዓመቱ ከሆነና አባል የሚሆንበት ነገር እየፈለገ ከሆነ። አብዛኛው ልጅ ግን ማንንም ሳይነካ ኮካውን ጠጥቶ ቤቱ የገባ ነው፣ እሱ ዜና ስለማይሆን አንሰማውም።

ቡና ይከለከላል?

ይሄ ጥያቄ ከሀበሻ ብቻ ነው የሚመጣው ሃሃ። መልሱ አብዛኛው ይጠጣል ነው። ካፌይንንም የተዉ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሌላው ሰው ላይ ሲጭኑት ብዙ አይታዩም። ጀበናችሁን አትደብቁ።

ጫትና ጠላስ?

ጠላም ጠጅም አልኮል ነው፣ አበቃ። ጫት የሚል ቃል በአሜሪካ ዘፈን ውስጥ አታገኙም ግን ሎጂኩን ከተከተልን ያው ነው፣ ምርቃና እስካለው ድረስ አይሆንም። ሀኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ሌላ ነው፣ እሱን ስትሬት ኤጅ ነኝ ብላችሁ እንዳታቆሙ፣ ማንም እንደዛ አላለም።

ሬስሊንግ ላይ ያለው ሲኤም ፐንክ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል፣ ስትሬት ኤጅ ነው፣ ጣቶቹ ላይ ሳይቀር ተነቅሶታል። በ2009 እና 2010 ደብሊው ደብሊው ኢ ላይ እንደ ሰባኪ ሆኖ "እኔ ከናንተ እሻላለሁ" እያለ ህዝቡን ያናድድ የነበረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ካራክተር ነው እሱ፣ ትወና። ብዙ ሰው ስትሬት ኤጅ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማው ግን ከሱ ነው።

መካይ ከማይነር ትሬት በኋላ የት ገባ?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለሱ ሲወራ ሁሌ ኤክሱ ላይ ይቆማል፣ ትልቁ ስራው ግን ከዛ በኋላ ነው።

በ1980 ለዛች ለመጀመሪያዋ ሸክላ ብለው ዲስኮርድ የሚባል ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) አቋቋሙ፣ አርሊንግተን ቨርጂኒያ ካለ ተራ ቤት ነው የሚሰሩት የነበረው፣ ሽፋኑን በመቀስ ቆርጠው በእጃቸው ያጥፉ ነበር። የሚያሳትሙት የዲሲ አካባቢ ባንዶችን ብቻ ነው፣ ከባንዶቹ ጋር በወረቀት ውል አይፈራረሙም፣ ትርፍ ይካፈላሉ። ይሄ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ፣ እስካሁን አለ። ስንት ኮንትራትና ጠበቃ ያለው ካምፓኒ በመሃል ሲፈርስ።

በ1987 ፉጋዚ የሚባለው አዲሱ ባንዱ መድረክ ላይ ወጣ፣ ጆ ላሊ፣ ብሬንደን ካንቲና እሱ፣ ጋይ ፒቾቶ ትንሽ ቆይቶ ተጨመረ። ደንባቸው ሁለት ነው፣ መግቢያ ርካሽ፣ ብዙ ጊዜ 5 ዶላር፣ እና ማንኛውም ዕድሜ ይገባል። ያን የልጅነት ኤክስ አስታውሱ፣ በር ላይ "አልደረስክም" የተባለ ልጅ አድጎ በር ሲይዝ ሁሉንም አስገባ። ቲሸርት አይሸጡም፣ ትልልቅ ካምፓኒዎች ገንዘብ ይዘው ሲመጡ እምቢ አሉ። ኮንሰርት ላይ ሰው የሚደበድብ ካለ ሙዚቃውን አቁመው በትህትና ጠርተው ከአዳራሹ ያስወጡት ነበር፣ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው መልሰው። ዲሲ ውስጥ ሲጫወቱ አብዛኛውን ጊዜ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ወይ ፎርት ሪኖ ፓርክ ላይ በነጻ ነው። 2003 ላይ አቆሙ፣ ፈረስን ሳይሉ። በ2011 ደግሞ ካደረጓቸው ኮንሰርቶች ከ800 በላይ የሚሆኑትን ቅጂ ኦንላይን መልቀቅ ጀመሩ።

በ2005 ናይኪ የማይነር ትሬትን ሽፋን ቁጭ አድርጎ ገልብጦ ለስኬትቦርድ ማስታወቂያ ሲጠቀምበት ዲስኮርድ ተቃወመ፣ ናይኪም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከትንሽ ቤት ሸክላ የሚያትም ሰው ናይኪን ይቅርታ ማስጠየቁ ደስ አይልም?

እና ስለ ተጽእኖው ስትጠይቁኝ፣ አለመጠጣትን ከሱ የወሰደ ብዙ አለ፣ ግን ፈቃድ ሳይጠብቁ ራስ መስራትን ከሱ የወሰደው ይበልጣል ብዬ ነው የማስበው፣ ከነሱ ውስጥ ግማሹ ቢራ ይጠጣል።

ዲሲ ነው የምኖረው፣ ማየት የምችለው ቦታ አለ?

ሳታውቁት እያለፋችሁበት ነው። አዳምስ ሞርጋን 18ኛ መንገድ ላይ፣ በኋላ የሀበሻ ሬስቶራንት የሞላበት ያ ዳገት ላይ፣ በ1979 እና 80 ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የአርቲስቶች ቤት ነበር፣ ባድ ብሬንስም ቲን አይድልስም ተጫውተውበታል። ናይን ተርቲ ክለብ ያኔ ዳውንታውን ኤፍ ስትሪት ላይ ነበር፣ ከ1996 ጀምሮ 9ኛውና ቪ ስትሪት ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ማለትም ዩ ስትሪት አካባቢ ክትፎ በልታችሁ ስትወጡ አንድ ሁለት ብሎክ ነው። ፎርት ሪኖ ላይ ደግሞ በሰመር የነጻ ኮንሰርት ይደረጋል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ መጠጥ አይሸጥም።

ከየት ጀምሬ ልስማ?

የማይነር ትሬት ሙሉ ስራ አንድ ሲዲ ላይ ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት ያንሳል፣ እሱን ጨርሱት። ጩኸቱ ከበዳችሁ ቀጥታ ወደ ፉጋዚ ሂዱ፣ በ1990 የወጣው ሪፒተር ጥሩ መግቢያ ነው፣ ቤዙ ውስጥ ሬጌ ትሰማላችሁ። ጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ ግን፣ በተለይ እናታችሁ ቤት ካላችሁ።